እትዬ ተዋበች የሚያልፉት ገጽ

ባለፈው ሰኞ ገበያ መሀል አንዲት ሴት ያልተዳመጠ ጥጥ ከጆንያ ስትዘረግፍ ሽታው ድንገት አፍንጫዬ ገባ። ፍሬው ያልወጣለት ጥጥ የራሱ ሽታ አለው፤ ጥቂት የቅባት፣ ጥቂት የአቧራ፣ ጥቂትም የቆላ ፀሐይ። ሴትዮዋ የምገዛ መስሏት ዋጋ ጠራችልኝ። እኔ ግን ሽታውን እየሳብኩ ቆሜ ቀረሁ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ጎረቤታችን የነበሩትን እትዬ ተዋበችን ነው።

ቤታቸው ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነበር። ከእኛ ቤት የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ጣሊያን ከተማውን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ታች አውራ ጎዳናው ላይ ካሚዮን ሲያጓራ ይውላል፣ ላይ እኛ ዘንድ ጉም ይወርዳል፣ እትዬ ተዋበች ደጃፋቸው ላይ ይፈትላሉ። ባላቸው ሞተውባቸዋል፤ ልጅም አልወለዱም። የቄስ ልጅ ስለነበሩ አባታቸው ንባብ አስተምረዋቸዋል። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ፊደል ማስቆጠር እንደ ቅብጠት ይታይ ነበርና ሰፈሩ ይህን አልረሳላቸውም። ከአባታቸው የወረሱት በአማርኛ የታተመ ወንጌል ነበራቸው። የመጀመሪያው ሽፋን ረግፎ በፍየል ቆዳ ተጠርዟል፤ እሱም ቢሆን ጠርዙ ላይ አይጥ ቀምሶታል።

ማለዳ ማለዳ ወንጌሉን አትሮንስ ላይ ይዘረጉና ቢበዛ ሁለት መስመር ያነባሉ። ከዚያ ይዘጉትና እንዝርታቸውን ያነሳሉ። ባዘቶው እየቀጠነ ክር ሲሆን ያንኑ ያነበቡትን ቃል በከንፈራቸው ይመላልሱታል። ልቃቂቱ ሲሞላ ተነስተው ወደ ምሥራቅ ይቆማሉ። ጸሎታቸው አጭር ነበር። ቃሉን ይደግሙትና «እንግዲህ ዛሬ በዚህ ምን ላድርግበት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እንደ ባለሥራ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ከዚያ ሄደው ያደርጉታል። ቄሱ በግዕዝ ያነበቡትን ሰምቶ፣ መስቀል ተሳልሞ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው ይህ ትንሽ ያስቅ ነበር። «ያልተሠራ ቃል ያልተፈተለ ጥጥ ነው፤ ማን ይለብሰዋል?» ይሉ ነበር እሳቸው።

አንዳንዴ ነገሩ ወደ እኛ ቤት ይዞር ነበር። ለነገ አትጨነቁ የሚለው የደረሳቸው ለት የቀራቸውን ዱቄት በሙሉ ለአንዲት ነዳይ ሰጡ። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ እኛ ቤት መጥተው እየበሉ «አያችሁ? እግዚአብሔር አልጣለኝም» አሉ። እናቴ ወጡን እየጨመረችላቸው «እግዚአብሔርስ አልጣለዎትም፤ ሽሮው ግን የእኔ ነው» አለቻቸው። ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

እኔን ንባብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጽሐፉ አንድ፣ አትሮንሱም አንድ ስለሆነ እሳቸው በፊት ለፊቱ፣ እኔ በወዲያኛው በኩል እንቀመጣለን። ስለዚህ ፊደልን የተማርኩት ተገልብጦ ነው። ዛሬም ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ደብዳቤ ሲያነብ ሳልፈልግ አነብበታለሁ፤ ይህ ጠባይ ከብዙ ሰው አጣልቶኛል። ያን ጊዜ ግን ተገልብጦ ማየት አንድ ነገር አሳየኝ። እትዬ ተዋበች ከማቴዎስ ጌታ በተራራው ላይ ያስተማረውን እየጨረሱ እንደገና ይጀምሩ ነበር፤ አንድ ቦታ ሲደርሱ ግን አንዱን ቅጠል ከሚቀጥለው ጋር ደርበው ይገልጡታል። የሌሎቹ ገጾች ማዕዘን ከጣት ብዛት ጠቁሯል፤ ያኛው ግን ነጭ ነበር። ሁለት ጊዜ ሲያልፉት አየሁ። ለፋሲካ ያስቀመጡት ነው ብዬ ነበር።

አንድ ሰሞን ዓይናቸውን አመማቸውና የማነበው እኔ ሆንኩ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከእነዚያ ማለዳዎች በአንዱ እዚያ ቦታ ደረስኩ፤ ቅጠሉን እንደ ማንኛውም ቅጠል ገለጥኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። መባህን ይዘህ ስትመጣ ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር እንዳለ ትዝ ካለህ፣ መባውን እዚያው ተወውና መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ የሚለው ነው። እንዝርቱ ቆመ። ቀና ስል ፊታቸው አመድ መስሏል። «ሂጂ ወደ ቤትሽ» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስት ቀን አልፈተሉም፣ ከቤትም አልወጡም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ «ይጸልያሉ» ብላ ተመለሰች። ምን እንዳጠፋሁ ስጠይቃት ታሪኩን ነገረችኝ። እትዬ ተዋበች አንዲት ታናሽ እህት ነበራቸው፤ ዘውዴ ትባላለች። ከስምንት ዓመት በፊት ሰይድ የሚባሉ የኮምቦልቻ ጨው ነጋዴ አግብታ ሃይማኖታቸውን ተቀበለች፤ ስሟም ከዲጃ ሆነ። በእኛ በወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የስንቱ ሰው ዘር ቢቆጠር አንዱ እግር መስጊድ፣ አንዱ እግር ቤተ ክርስቲያን ይገባል። አባታቸው ግን ቄስ ናቸው። ከቤቴ ማንም ደጇን አይረግጥም ብለው ማሉ፤ እንደማሉም ሞቱ። ከዲጃ የወለደችው የመጀመሪያ ልጅ እንድሪስ በሦስት ዓመቱ በንዳድ ሲሞት እትዬ ተዋበች ለቅሶ አልደረሱም። ይኸው አራት ዓመት ሆነው። እኛ አገር ሰው ስድብ ይረሳል፣ ድንበር መግፋትም በሽማግሌ ያልቃል፤ ለቅሶ የቀረ ሰው ግን አይረሳም።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እኛ ቤት መጡ። «ልጅሽን ለሁለት ቀን ስጪኝ» አሏት እናቴን። «ስምንት ዓመት ሙሉ 'እህቴን ይቅር ብያታለሁ' እያልኩ ስጸልይ ኖርኩ። ቃሉ ግን እንደዚያ አይልም። የተቀየመችው እሷ ናት፤ መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ። ያነበበችልኝ ይህች ናትና አብራኝ ትሂድ።»

በእግር ወጣን። አንድ ካሚዮን አጠገባችን ቀስ ብሎ ረዳቱ «እማማ፣ ኮምቦልቻ ከሆነ ይሳፈሩ» ሲላቸው «ለቅሶ በመኪና አይኬድም» ብለው አለፉት። የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር፣ ከአዲሱ መንገድ ወጣ ብሎ አሮጌው የበቅሎ መንገድ የሚታጠፍበት ላይ አንድ ድንጋይ አጠገብ ቆሙ። «እስከዚህ መጥቼ ነበር» አሉኝ። «ልጁ የሞተ ለት። ነጠላዬን እንዲሁ አዘቅዝቄ። የአባቴ መሐላ ከዚህ መለሰኝ።» ቆላው ከታች ተዘርግቶ ይታያል። እትዬ ተዋበች አይራመዱም። እግሮቼን እያከክሁ ጠበቅሁ፤ ዛሬም ይመለሳሉ ብዬ ፈራሁ፤ ለምን እንደፈራሁ ግን አላወቅሁም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ «እግሬን አንተ ያዝልኝ» ነው ያሉት። ከዚያ ወረድን።

ኮምቦልቻ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ሙቀቱ ትንፋሽ ይነሳል። የሰይድ ግቢ ከቦርከና ወንዝ ብዙም አይርቅም። እትዬ ተዋበች በሩ ላይ ሲደርሱ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ጮሁ፦ «እንድሪስ! እንድሪስዬ! ሳላይህ የሄድክብኝ!»

ሰፈሩ ተጥለቀለቀ። ሰው የሞተ መስሏቸው ሴቶች ሥራቸውን ጥለው እየጮኹ መጡ፤ አንዷማ ምጣድ ላይ የነበረ ሽምብራ እንደያዘች ነበር። ያልጠየቀ ሁሉ ማልቀስ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ሰው እየከፈሉ ገብተው «ኢንና ሊላህ! ማነው የሞተው?» አሉ። ሰይድ በር ላይ ወጥተው ቆመዋል፤ ረጅም፣ ዝግተኛ ሰው ነበሩ። «የእንድሪስ አክስት ለቅሶ ደርሰው ነው» አሉ።

«የትኛው እንድሪስ? ያ ሕፃኑ? ወላሂ፣ አራት ዓመት የሚያስኬድ መንገድ ከየት ነው?»

«ከደሴ ነው» አሉ ሰይድ። «ግቡ። ምንጣፍ ይነጠፍ።»

ከዲጃ ከጓዳ ወጣች። (አንቱ ብዬ አላውቃትም፤ ኋላ ራሷ ከልክላኝ ነው።) አላለቀሰችም። እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ነበር።

«ስሙን ማን ነገረሽ?» አለች።

«ሰኞ ሰኞ ጨው ይዘው የሚወጡትን እጠይቃቸዋለሁ» አሉ እትዬ ተዋበች። «መወለዱን፣ ጥርስ ማብቀሉን፣ መራመዱን እነሱ ናቸው የነገሩኝ። በጸሎቴ ስሙን ሳልጠራ አድሬ አላውቅም።»

«ጸሎትሽን ምን ላድርገው? እኔ የጠበቅሁት አንቺን ነበር። ማንም ሰው በገባ ቁጥር በሩን አይ ነበር። ብቻዬን አለቀስሁት።»

እትዬ ተዋበች ማመካኛ አላመጡም። የአባታቸውን መሐላ አንድ ጊዜም አላነሱም። «አዎ፣ ቀረሁብሽ» ብቻ አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ ሊጡ የከዲጃ እጅ ላይ ሲደርቅ እመለከት ነበር። በመጨረሻ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና ለቅሶ ለደረሰ እንግዳ እንደሚነገረው ነገረቻቸው። «እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ዓርብ ለት ነው ራሴን ያለኝ…» ትኩሳቱን፣ ያጠጣችውን መድኃኒት፣ በሦስተኛው ሌሊት የጠየቃትን ውኃ ሁሉ። እትዬ ተዋበች ሁሉንም እንደ አዲስ ጠየቁ፤ «ከዚያስ? ከዚያስ?» ይሉ ነበር። ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው፤ ሁለቱም። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እትዬ ተዋበች በዝግታ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ አንዱ ሌላውን አላቋረጠም።

ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እትዬ ተዋበች ሞቱ። ከንብረታቸው ይህ ነው የሚባል አልቀረም። ከዲጃ ወደ ደሴ ወጥታ ቀብሩ እስኪያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆማ ጠበቀች፤ ሰልስቱንም ከእኛ ጋር ዋለች። እኔንም ያን ለት አብሬ ስለሄድኩ ከቤተሰቡ ቆጠረችኝ።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ሞተ። ሰው መጥቶ ሰው ሄደ፤ ሳምንት አለፈና ቤቱ ጭር አለ። በዘጠነኛው ቀን በር ላይ ጩኸት ሰማሁ፤ የባለቤቴን ስም እየጠራ የሚያለቅስ ሰው ነው። ወጥቼ ሳይ ሻሽ ያሰረች፣ አቧራ የጠጣች ወጣት ናት፤ አላውቃትም። የማን ልጅ እንደሆነች ስጠይቃት የከዲጃ የልጅ ልጅ ነኝ አለች። ዘግይተው ስለሰሙ ይቅርታ ጠየቀችና «ከእናንተ ቤት ለቅሶ አንቀርም፤ ድሮም እንዲህ ነው» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት አታውቅም።

ያን ለት ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልቤ አለቀስሁ። ምንጣፍ አንጥፌ አስቀመጥኳትና ሕመሙ እንዴት እንደጀመረው ከመጀመሪያው ነገርኳት።