ከቆርቆሮ ሥር የወረደው ፓኬት

ከባምባሲ፣ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት

ሁለት ሻንጣ ይዤ ወጣሁ። አንዱ የእኔ ነው። ሌላው ባዶ ነው፤ የልጄን ልብስ ላመጣበት። ጎረቤቴ በላይነሽ በር ላይ ቆማ አየችኝ።

«ሁለት ሻንጣ?» አለች።

«ሁለት» ብያት አለፍኩ።

ልጄ ሰናይት መንጌ ላይ መምህርት ናት። ባሏ መስፍንም እዚያው ያስተምራል። በየክረምቱ የምትማረውን ዲግሪ እስክትጨርስ ልጅ ይቆየን ብለው ኮንዶም ይጠቀሙ ነበር። ማክሰኞ ደውላ ማርገዟን ነገረችኝ። ባሏ «ኮንዶም እየተጠቀምኩ ይሄ ከየት መጣ? የኔ አይደለም» ብሎ ልብሱን ይዞ ጓደኛው ቤት ገብቷል። ቅዳሜ ሽማግሌ ፊት እንፋታለን ብሏል።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ባሌ የነበረው ጌታቸው፣ ሰናይትን ማርገዜን ስነግረው፣ እሱም ኮንዶም ይጠቀም ነበርና ከሚነዳው የጭነት መኪና ሳይወርድ ያንኑ ብሎኝ ሄደ። ሠፈሩ እሱን አመነ። ልጄን በአባቴ ስም ሰናይት ይመር ብዬ አሳደግሁ። ማን ሰላምታ እንደነሳኝ አልረሳሁም። አንዳንዶቹ ሞተዋል፤ ለቅሶ ደርሻለሁ፤ አላለቀስኩም።

አሶሳ፣ ሦስት ሰዓት

መናኸሪያው ገና በጠዋቱ ይፋጃል። ሴቶች ማንጎ ደርድረዋል፤ አምስቱ በሃምሳ ብር። አንድ ቤት ገብቼ የማሽላ ገንፎ በባሚያ አዘዝኩ። ሁለት ጊዜ ጎርሼ ተነሣሁ። መኪናው ጥሎኝ የሚሄድ መስሎኝ ነው እንጂ፣ ሞልቶ ለመነሣት ሌላ ሰዓት ፈጀበት።

በመጨረሻ የገባችው በመንጌ ገጠር የምትሠራ የጤና ባለሙያ ነበረች። የአገሩ ተወላጅ ናት፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ ስሟ ሐዋ። ካርቶን ታቅፋለች።

«እህቴ፣ እሱን ላይ እንሰረው» አለ ሾፌሩ።

«ላይ አይሆንም። ፀሐይ ይገድለዋል።»

«ጫጩት ነው እንዴ?»

«ጫጩት ቢሆን ይጮሃል። ይሄ ዝም ብሎ ነው የሚሞተው። ኮንዶም ነው።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ሾፌሩ «እንግዲያስ ከኔ የበለጠ ተጠንቀቂለት» አለና ሞተሩን አስነሣ። እኔ አልሳቅሁም። አጠገቤ ስትቀመጥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኋት።

«ሙቀት ያበላሸዋል?»

«ላስቲክ ነው፣ እማማ። ሙቀት ያደርቀዋል፤ ከዚያ ይቀደዳል። ሰው ሁልጊዜ አያይም።»

«ካልተበላሸስ?»

«ጥሩ ነው። በሽታም ይከለክላል። ግን ዋስትና አይደለም።» ጣቶቿን ዘረጋች። «ሴት መቶ ይሁን። ሁልጊዜ ተጠቅሞ፣ ሁሉ ነገር ልክ አድርጎ፣ በዓመት ሁለት ያህል ያረግዛል። እኛ ሰዎች እንደምናደርገው ከሆነ፣ አንዴ ረስቶ፣ አንዴ አሳስቶ፣ አሥራ ሦስት ያህል።»

ከዚያ በኋላ መንገዱን ያየሁት በግማሽ ዓይኔ ነው፤ ቀይ አቧራ፣ ቀርከሃ፣ የወርቅ ማጠቢያ ገበታ በራሳቸው የተሸከሙ ሴቶች። ከመቶ አሥራ ሦስት። ከሠፈሬ አንድም ሰው ይህን አልነገረኝም። ከመውረዳችን በፊት የልጄን ነገር አጫወትኋት። ለማንም የማልናገረውን ለማላውቃት ሴት ነገርኳት። ከሰዓት በኋላ ብቅ እላለሁ አለችኝ።

መንጌ፣ ከሰዓት በኋላ

የሰናይት ቤት የጭቃ ግድግዳና ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ውስጡ ምድጃ ነው። ልጄን ሳምኳትና መስፍንን አስጠራሁት። መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«የት ነበር የምታስቀምጠው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ኮንዶሙን።»

መሬት መሬት አየ። «እማማ፣ ይህን ለእርስዎ መናገር ነውር ነው።»

«ልጄን እንዲያ ማለት ነውር አልሆነብህም?»

የመለሰችልኝ ሰናይት ናት። የአከራያቸው ልጆች አንድ ፓኬት አግኝተው እንደ ፊኛ ነፍተው ግቢው ውስጥ ሲጫወቱበት የሰናይትና የመስፍን ተማሪዎች አይተዋል። መስፍን ከዚያ ወዲህ ከግድግዳው ጫፍና ከቆርቆሮው መሐል እየወሸቀ ይደብቀው ጀመር። አንድ በጋ ሙሉ።

«አውርደው» አልኩት።

በርጩማ ላይ ወጥቶ አወረደ። ፓኬቱ መዳፍ ያቃጥላል።

ሐዋ አሥር ሰዓት ላይ መጣች። አንዱን ቀድዳ ሳበችው፤ ተበጠሰ። ሁለተኛውም ተበጠሰ። ሦስተኛው ተለጠጠና ተመለሰ።

«ይሄ ያታልላል» አለች። «አንዱ ደህና ነው፣ አንዱ አይደለም። ከዚህ ወዲህ ጥላ ያለበት፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ከወሊድ በኋላ ደግሞ ሌላ መከላከያ ስላለ ሁለታችሁም ኑ።»

መስፍን በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ሰናይት፣ አላወቅሁም» አለ።

«አሁን ላስቲኩን ጠየቅኸው» አለች ልጄ። «እኔን ግን አልጠየቅኸኝም።»

እኔ የባዶውን ሻንጣ ዚፕ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። «ልብስሽን አምጪ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀደመችኝ።

«ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ አይቅሩ። የኔ አይደለም ያልከው በሰው ፊት ነው፤ የኔ ነው የምትለውም በሰው ፊት ነው።»

ቅዳሜ ከግቢው ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ሽማግሌዎቹ፣ አከራዩና አራት መምህራን ባሉበት መስፍን «የኔ ነው» አለ። ሰናይት ግን ልብሱን እንዲመልስ የፈቀደችለት በማግሥቱ ነው። እኔ ብሆን ወር አቆየው ነበር።

አሶሳ፣ ሰኞ

ጌታቸው አሁን ከጎሚስታ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ይውላል። በአጠገቡ ስንት ዓመት አልፌያለሁ። ዛሬ ቆምኩ።

«ያኔ ኮንዶሙን የት ነበር የምታስቀምጠው?»

አወቀኝ። «መኪናው ውስጥ ነዋ» አለ። «ፊት ለፊት፣ መስታወቱ ሥር።»

ከመስፍን ፓኬት የተረፈውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለትና ከቆርቆሮው ሥር ያየሁትን ነገርኩት። ፓኬቱን አገላበጠው። እጁ አርጅቷል።

«ስሟን ወደኔ ማዞር ይቻል ይሆን?» አለ።

«ስም አላት። አባቴ ሰጥቷታል።»

ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ባምባሲ፣ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት

ባዶውን ሻንጣ ማንጎ ሞልቼበት ተመለስኩ። ንጹሕ መሆኔን ሃያ ሰባት ዓመት አውቅ ነበር፤ እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ዝም የምለው ኩራት ይመስላቸው ነበር። መልስ ስላልነበረኝ ነው። ልጄ ግን ዝም አላለችም፤ ይህን ከእኔ አልተማረችም።

በላይነሽ በሯ ላይ ነበረች። ያኔ ሰላምታ ከነሱኝ አንዷ እሷ ናት።

«ይዘሻት መጣሽ?» አለች ሻንጣውን እያየች።

«አይ። ባሏ የኔ ነው ብሏል፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። የእሷም አባት ማን እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሽ፣ አሶሳ ጎሚስታው ጋ ሄደሽ ጌታቸውን ጠይቂው። አሁን ይነግርሻል።»

ሻንጣውን ከፍቼ ማንጎ ሰጠኋት። ከሥር ያለውን፣ መንገድ ላይ የተጨፈለቀውን መርጬ።