ሳትሰማ አትንካ

ሥራዬ ለማያዩ ሰዎች ኮምፒውተር ማስተማር ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ታዲያ እንዴት ያዩታል?» ብሎ ይጠይቀኛል። አያዩትማ። እኔም አላየውም። በልጅነቴ ኩፍኝ ዓይኔን ይዞት ሄዷል፤ ኮምፒውተር ግን ከብዙ ዓይናማ በተሻለ እሠራለሁ። ዓይናማ የምንለው የሚያየውን ሰው ነው። ጠያቂው ይህን ሲሰማ «ተአምር ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ ይህን ቃል ከሰማሁ ቀኑን ሙሉ ስበሳጭ እውላለሁ። ተአምር ቢሆንማ በየጠዋቱ ጠረጴዛ ሥር አልድህም ነበር።

የምድኸው በጽዳት ሠራተኛዋ ምክንያት ነው። ክፍላችን ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ግቢ ጓሮ ያለች፣ ቀድሞ ዕቃ ማከማቻ የነበረች ክፍል ናት። ስምንት ኮምፒውተር አለን፤ የሚሠሩት ስድስቱ ናቸው፤ እሱም መብራት ካለ። ሁሉም ላይ በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ተጭኗል። እኛ «አንባቢዋ» እንላታለን። የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ የትኛው መስኮት እንደተከፈተ የምትነግረን እሷ ናት። አማርኛዋ ጉንፋን የያዘው ፈረንጅ አማርኛ ነው፤ ያለ እሷ ግን ኮምፒውተሩ ለእኛ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ታዲያ ይህቺን ድምፅ አትወዳትም። «ስትለፈልፍ ራሴን ታመኛለች» ትልና በጠረገች ቁጥር የድምፅ ማጉያዎቹን ገመድ ትነቅላለች። ነገርኳት፣ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። «እሺ እትዬ» ትለኛለች፤ በማግስቱ ትነቅለዋለች።

ከተማሪዎቼ አንዱ ከዱርቤቴ አካባቢ የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነበር። ሲወለድ ጀምሮ አያይም። በልጅነቱ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ገብቶ ዜማ ተምሯል፤ ጥሩ ድምፅም ነበረው ይላሉ። አንድ ክረምት ጉሮሮውን ታመመና ድምፁ ሻክሮ ቀረ፤ ከቅኔ ማኅሌት ቆሞ ማገልገል አልቻለም። ታላቅ ወንድሙ ከከተማው ዳር፣ ሰባታሚት ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶለት ወደ እኔ ላከው። እስከ መስከረም ሥራ ካላገኘ ግን ክፍሏን ለቆ ወደ አገሩ እንዲመለስ ወንድሙ ቁርጡን ነግሮታል። ተመልሶ ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። «ደጀ ሰላም እቀመጣለሁ» አለኝ። ድምፁ ላይ ምንም ምሬት አልነበረበትም፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

በየቀኑ ከሰባታሚት በእግሩ ነበር የሚመጣው። ለምን በባጃጅ አትመጣም ስለው፣ ሹፌሮቹ ነጭ ዘንጉን ሲያዩ ሳይጠይቁ ቤተ ክርስቲያን በር ወስደው ያወርዱኛል አለኝ። ሁለት ጊዜ እንደዚያ ሆኖ ትምህርቱ አምልጦታል። እኔን «የኔታ» ይለኛል። የኔታ የቤተ ክርስቲያን መምህር መጠሪያ ነው፤ እኔ እንኳን ዜማ ልቆም እንጉርጉሮም አይሆንልኝ። «የኔታ አትበለኝ» ስለው «እሺ የኔታ» ይለኛል።

ኮምፒውተሩን የተማረው ዜማውን በተማረበት መንገድ ነው። እዚያ ተማሪው ቃሉን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ በማግስቱ አንዲት ፊደል ሳያዛንፍ ይመልሳል፤ አዲስ ከመቀበሉ በፊት የቆየውን ከሥሩ ይደግማል። እሱም በየጠዋቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ በዚያች በሻከረች ድምፁ፣ ከመጀመሪያው ቀን ትምህርት ይነሣል። «ቀስት ወደ ታች አራት፤ ኢንተር። ታብ ሁለት፤ ኢንተር።» የትኛው ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደሚመታ በዜማ ነው የሚለው፤ እግሩም ወለሉን ይመታል። ሌሎቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ ሰንበትበት ብለው አብረው ማንጎራጎር ጀመሩ። በሁለት ወር ሁሉንም ጥሏቸው ሄደ።

እውነቱን ለመናገር የቁልፎቹን ቁጥር በቃሉ ያስያዝኩት እኔው ነኝ። እንግዳ ሲመጣብን ቶሎ የሚያሳይ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። እንግዶቹ ካሜራ ይዘው ይመጣሉ፣ አሥር ደቂቃ ይቆማሉ፣ «ተአምር ነው» ብለው ይሄዳሉ። አንባቢዋን እየሰማ፣ እያሰበ፣ እየተሳሳተ የሚሠራ ተማሪ ለአሥር ደቂቃ አይሆንም። እሱ ግን ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጦ ደብዳቤውን ከፍቶ፣ ጽፎ፣ አስቀምጦ ይጨርሳል። እኔም በኩራት ከኋላው እቆም ነበር።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ጠረጴዛ ሥር እየዳህኩ ገመድ ስሰካ፣ ከበላዬ የእሱ ቁልፎች ሲንኳኩ ሰማሁ። የአንባቢዋ ድምፅ የለም።

«አንባቢዋ የታለች?» አልኩት።

«ከመጣሁ ጀምሮ የለችም።»

«ታዲያ በምን እየሠራህ ነው?»

«በቃሌ ነዋ የኔታ።»

የጻፈውን ደብዳቤ ገመዱን ሰክቼ አስነበብኩት። ስሕተት የለበትም። ልቤ ግን ወረደ። ይህ ሰው ለወራት ኮምፒውተሩን አንድም ቀን አዳምጦት አያውቅም። በቃሉ ይሄዳል፤ ሳጥኑ የፈለገውን ቢል እሱ ቁጥሩን ይጨርሳል።

«አትቁጠር፣ ስማ» አልኩት። «እሺ የኔታ» አለኝ። በዚያው ሳምንት ጥፋቱ ደረሰ። የክፍሉን ሥራ በሙሉ የምናስቀምጥባትን ፍላሽ ከፍቶ ሳለ ያልተጠበቀ መስኮት ብቅ አለ። አንባቢዋ ጮክ ብላ «መሰረዝ ይፈልጋሉ?» እያለች ትጠይቃለች፤ እሱ «ታብ ሁለት፤ ኢንተር» እያለ ያዜማል። የሰባት ሰው የወራት ሥራ ጠፋ። ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ እኛ ዘንድ ተመልሶ አያውቅም። አንዲት ተማሪ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በተማሪ ላይ ጮኼ አላውቅም።

ጊዜው ደግሞ የማይሆን ጊዜ ነበር። ከተማው ውስጥ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለስልክና ለመዝገብ ሥራ ሰው እንደሚቀጥር ማስታወቂያ አውጥቷል፤ የማያይ ሰውም መወዳደር እንደሚችል ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አሳምኛቸዋለሁ። የተግባር ፈተናው ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ከመስከረም በፊት ሌላ ዕድል አልነበረውም።

ሦስቱን ሳምንት እንደ ጠላት ተያየን ማለት ይቻላል፤ መተያየት ለእኛ ከሆነ። በየጠዋቱ ቀድሜው እገባና ቅደም ተከተሉን ሁሉ አዘባርቅበታለሁ። አራተኛ የነበረውን ሰባተኛ አደርገዋለሁ። ቆጥሮ ይሄዳል፣ ካልፈለገው ቦታ ይገባል፣ እኔ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣለሁ። «ምን አለች?» እለዋለሁ። «አልሰማኋትም የኔታ።» «እንግዲያ ለምን ነካህ?» ላቡ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ሲል እሰማ ነበር። በመጨረሻ ሌላ መንገድ ስላጣሁ በለመደው መንገድ ገባሁበት። «ይህን ተቀበለኝ» አልኩት። «ሳትሰማ አትንካ። በል።» ተቀበለ። በማግስቱ ትምህርቱን ሊደግም ሲቀመጥ ከሁሉ አስቀድሞ፣ በዜማ፣ «ሳትሰማ አትንካ» አለ። በሦስተኛው ሳምንት እጁን አንሥቶ አንባቢዋን የሚጠብቅ ሰው ሆነ። ቀርፋፋ ሆኗል፤ ግን አይሳሳትም። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ለጽዳት ሠራተኛዋ እንኳን ሰላምታ ሰጠኋት።

በፈተናው ዋዜማ እኔው ራሴ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። አንባቢዋን እንዲጭኑ በደብዳቤ ጠይቄ ነበር፤ አልጫኑም። በፍላሽ ይዤ ስለነበር መስኮቱ አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩና የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ሁለት ጊዜ ሞከርኩት። የፈተናውን አስተባባሪ እጁን ይዤ ጠረጴዛውን አስነካሁት። «ይህ የእሱ ነው። ከዚህ ሌላ አይሆንም» አልኩት። «እሺ፣ አያስቡ» አለኝ። ትሑት ሰው ነበር።

በነጋታው እኔ መግባት ስላልተፈቀደልኝ ከመስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ተፈታኞች በሙሉ ዓይናሞች ናቸው። ፈታኙ አንድ ደብዳቤ ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ፋይሉ ተከፍቶ የሚጠብቃቸው ስለሆነ ሥራቸው በግማሽ ሰዓት ውስጥ መጻፍና ማስቀመጥ ብቻ ነው። ከዚያ ቁልፎቹ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ጀመሩ። የእሱን አመታት ለይቼ አውቀዋለሁ፤ እሱ ሲጽፍ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። የለም። አምስት ደቂቃ ቆየሁ። የለም።

ወደ በሩ ሄጄ ጥበቃውን ያዝኩት። «ተማሪዬ እየጻፈ አይደለም፤ ገብተህ እይልኝ» አልኩት። ገብቶ ወጣ።

«ደኅና ነው እትዬ፤ በሥርዓት ተቀምጧል።»

«መቀመጡን አይደለም የጠየቅሁህ። ይጽፋል?»

«ፈተና ላይ ናቸው እትዬ፤ መረበሽ አይቻልም።»

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቃውን ጠራብኝ፤ አለቃውም ያንኑ ደገመልኝ። ግማሽ ሰዓቱ እዚያ በር ላይ አለቀ።

ሲወጡ አስተባባሪውን አገኘሁት። አንባቢዋ ወደሌለችበት ኮምፒውተር ቀይረውት ነበር። «ጠዋት መስኮቱ ጋ ፀሐዩ ስክሪኑን መትቶት አገኘነው» አለኝ በዚያው ትሑት ድምፁ። «ዓይኑን እንዳያስቸግረው ብለን ወደ ጥላው አዛወርነው።»

«ዓይኑን?» አልኩት።

 ከዚያ ምን ምን እንዳልኩት ባልጽፈው ይሻላል። ተማሪዬ እጁን አውጥቶ «ድምፅ የለም» ብሎ ነበር አሉ፤ ፈታኙም ፈተና ላይ ድምፅ ማሰማት ክልክል መሆኑን አስረዳው። አሁኑኑ ይቀመጥና ይጻፍ፣ ግማሽ ሰዓት ስጡት አልኳቸው። ሌሎቹ ቅር ይላቸዋል አሉኝ። ባዶ ገጽ ምን ብለን እናርመዋለን አሉኝ። በጣም አዝነናል አሉኝ። አዝነው ነበር፤ እሱ ነው የሚያቃጥለው፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ ጠልቻቸው አርፍ ነበር።

በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ፣ ክርኔን ይዞ፣ ሁለታችንም ዘንጎቻችንን እየመታን ተመለስን። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ሳልጠይቀው፣ ደብዳቤውን ጀመረ። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ «ጉዳዩ» የሚለውን፣ ከዚያ ሐሳቡን በሙሉ እስከ «ከሰላምታ ጋር» ድረስ፣ ፈታኙ ያነበበውን አንዲት ቃል ሳያስቀር በቃሉ አወረደልኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እጁን ከቁልፉ በላይ አንሥቶ፣ አንባቢዋ በመጣች ጊዜ ልጽፈው ብሎ ይዞት ተቀምጧል።

«የኔታ» አለኝ፤ «ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ አውቃቸው ነበር። ባልሰማም መንካት ነበረብኝ?»

እኔ መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም። «አልነበረብህም» አልኩት፤ «ልክ ነህ፤ ያስተማርኩህን ነው የሠራኸው።» እዚያ በር ላይ ከጥበቃው ጋር ስከራከር፣ በልቤ ያን ጊዜ ሁሉ «ንካው፣ ግድ የለህም፣ ዝም ብለህ ንካው» እያልኩ እንደነበር ግን አልነገርኩትም።