አየር የሚያሾልክ ሞተር

አውሮፕላን እሠራለሁ ስል መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ያልሣቀብኝ ሰው አልነበረም። ሣቁ ብዙም አልጎዳኝም፤ ብረት በያጅ ነኝ፣ የሰው አፍ ለምጄዋለሁ። ቆሽቴን ያሳረረው ሞተሩ ነበር። ከአሮጌ የቤት መኪና የነቀልሁት፣ በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። ክንፉ አልቋል፣ ጎማው ተገጥሟል፤ ሞተሩ ግን አሥር ደቂቃ ሳይሠራ የሙቀቱ መርፌ ቀይ ላይ ይወጣል። በዚያ ሁኔታ አየር ላይ መውጣት ራስን መግደል ነው።

የምነሣበት ሜዳ የአባቴ የገብስ ማሳ ነበር። አገሩ ተዳፋት ስለሆነ ሌላ ለጥ ያለ መሬት የለንም። አባቴ አውሮፕላኑን ወደውት አያውቁም፤ ቢሆንም ጎረቤቱ ሁሉ አንዴ አርሶ ደግሞ ማረስ ሲጀምር እሳቸው በሬዎቻቸውን አስረው ጠበቁኝ።

«እስከ እሑድ ነው» አሉኝ። «ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ይቀድመኛል። ይህ ቤት ከዚህ ማሳ ሌላ የሚበላው የለውም።»

ቅዳሜ ችግሩን ያገኘሁት መሰለኝ። ከፊት የሚገባው ነፋስ በሲሊንደሮቹ መካከል ወደ ታች እንዲወርድ ዙሪያውን በላሜራ አጥሬው ነበር። ላሜራው ከሞተሩ ሽፋን ጋር በሚገናኝበት ሁሉ ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ ነፋሱ ሞተሩን ሳይነካ በዚያ ይሾልካል። የባጃጅ ጎማ ካላማዳሪ ቀድጄ ክፍተቱን በማስቲሽ መለጠፍ ጀመርሁ። እናቴ መጥታ አየችኝ።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚመረገው? ጎታ ብትሠራልን ነቀዙ ይጨርሰን ነበር» አለች።

ስታሾፍ ነው። እሷ ጎታ ስትመርግ ጉንዳን የሚያልፍበት አትተውም። እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ፤ እልህ ያዘኝ። ካላማዳሪው ሲያልቅ በጨርቅ፣ ጨርቁ ሲያልቅ በማስቲሽ ብቻ ያገኘሁትን ቀዳዳ ሁሉ ደፈንሁ። በመጨረሻ ከሞተሩ ሥር አንድ ሰፊ ክፍተት ቀረ። እሱንም አላመንሁትም፤ በላሜራ ከድኜ ዙሪያውን ለጠፍሁት። የነፋሱ መውጫ እሱ ነበር። መውጫ ያጣ ነፋስ እንደማይገባ አጥቼው አይደለም፤ ግን እሑድ ደርሶብኝ ነበር፣ ማሰብ ትቼ መድፈን ብቻ ሆነ ሥራዬ። ማስቲሹ ይድረቅ ብዬም ሳልሞክረው አደርሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ማሳው ዳር ቆሙ። ሁለት ጊዜ መሬት ለመሬት ተመላለስሁ፤ መርፌው ቀይ ላይ ወጣ። ማቆም ነበረብኝ። «አንዴ ብቻ» እያልሁ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼ ሮጥሁ። ጎማው ቀለል ሲል ተሰማኝ፤ ወዲያው ሞተሩ ሲጢጥ አለና ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል፤ አይድንም፣ ሌላ ሞተር የማመጣበት አቅምም የለኝም። ሽፋኑን ስከፍተው ማስቲሹ በደፈንሁት መውጫ ዙሪያ ቀልጦ ይንጠባጠብ ነበር። የገዛ እጄን ጠላሁት።

ሰኞ ጧት አባቴ በሬዎቹን ጠምደው መጡ። አውሮፕላኑን ገፍቼ ከማሳው አወጣሁ። ጅራፋቸውን እንደያዙ፣

«በዳር በኩል ጥቂት ልተውልህ?» አሉኝ።

«አይበቃም፣ አባየ። ይረሱት።»

ቀና ብለው አላዩኝም።

«እኔ እኮ ይነሣል ብየ ለሰው ሁሉ ነግሬ ነበር» አሉ፤ እርፉን ጨብጠው በሬዎቹን ነዱ።