ለደጋ የተቆጠሩት ልጆቼ

በዚያን ዘመን ፎገራ ሜዳ ላይ ንዳድ፣ ዛሬ ወባ የሚሉት፣ የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መድኃኒት አልነበረም፤ ደጋ ያለ ዘመዱን ነበር። ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ውኃ ያለብሱታል። በመስከረም ውኃው ሲሸሽ ቢንቢው ይነሳል፣ ንዳዱም ይከተላል። ያኔ አቅም ያለው በእግሩ፣ አቅም ያነሰው በቃሬዛ ወደ ላይ ይወጣል። የደጋ ነፋስ ንዳድን ያባርራል ይባል ነበር።

እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ሜዳው ላይ ወዳለው ቁሐር ሚካኤል ተድሬ ነው የወረድሁት። ስለዚህ ልጄ ሲታመም የምሮጠው ወደ አባቴ ቤት ነው። የመጀመሪያዋን አዝዬ ወጣሁ፤ አባቴ ደጅ ስደርስ ጀርባዬ ላይ ቀዝቅዛ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ጥቂት ሰንብቶ እዚያው አለፈብኝ። ሁለቱንም አባቴ ደብር ቀበርናቸው። ባዶ አንቀልባዬን አጣጥፌ ወደ ቁሐር ስወርድ ሰው ሰላም ሊለኝ እንኳ ይፈራኝ ነበር። አፌ ድሮም አያርፍ፤ ከዚያ በኋላማ እሳት ሆንሁ።

ሦስተኛው ሲወለድ ባለቤቴ «ይህስ ያድግልናል» ሲል «አፍህን ሰብስብ» እለው ነበር። መደሰት ፈርቼ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ወረታ ከተማ መጣ። ከእነሱ ጋር ከጎንደር የመጣች ነርስ ነበረች፤ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል። ማኅበሩ ከወረታ ውጭ አንድ ክሊኒክ ሊከፍት አስቧል፤ ከአንድ በላይ ግን አቅም የለውም። የት ይሁን? በሽተኛ የሚበዛበትን ለማወቅ በየመንደሩ እየዞሩ የተኛውን ሰው ቆጠሩ፤ ካህናቱንም ባለፉት ዓመታት በየደብሩ ስንት ሰው እንደቀበሩ ጠየቁ። እንዲህ ተጨንቆ የሚያስብልን ሰው ከዚያ በፊት አይተን አናውቅም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ወሬውን ነገሩን። ክሊኒኩ የሚሠራው ደጋ፣ ያውም አባቴ አገር ነው። ቱግ አልሁ።

«ምነው አባ፣ ቁሐር ሰው አይሞትም እንዴ?»

«ልጄ፣ በነዚህ ዓመታት እኛ የቀበርነው ጥቂት ነው። እነሱ ዘንድ ግን ጧት ማታ ፍትሐት ነው አሉ።»

እውነታቸውን ነው። መቃብራችን ብዙ ሰው አልጨመረም፤ በየቤቱም የተኛ በሽተኛ እምብዛም አልተገኘም። ስንመለስ ባለቤቴ «ያባትሽ አገር ሰው ዕድለኛ ነው፤ አንቺን ሰጥቶ ክሊኒክ አገኘ» ብሎ ቀለደብኝ። አልሳቅሁም። እኔ የማስበው ልጄን ነበር፤ ንዳድ ቢይዘው ያንን ዳገት በሕይወት ይዘልቀው ይሆን?

ሳይቆይ ያዘው። አዝዬው ወደ አባቴ ቤት ስገሰግስ ወረታ ላይ ነርሷ አየችኝ። አስቀመጠችኝና የንዳዱን ኪኒን በማንኪያ አሟሙታ አጠጣችው።

«ወዴት እየሄድሽ ነው፣ እኅቴ?» አለችኝ።

«ደጋ፣ አባቴ ቤት።»

«በሽታው ሲጀምረው የት ነበራችሁ?»

«ልጄ እየነደደ የማደሪያ ወሬ ትጠይቂኛለሽ? ቤቴ ነዋ፣ ቁሐር።»

አልተቆጣችም። ልጁን እንደታቀፈች «ከሱ በፊት ወልደሻል?» አለችኝ። ሁለት እንደነበሩኝ፣ ሁለቱም ቁሐር ታመው አባቴ ደብር እንደተቀበሩ ነገርኋት። ልጁን ወደ ደረቷ አስጠግታ «እኛኮ ልጆችሽን ለደጋ ቆጠርናቸው» አለች።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ግን አልደበቅነውም፣ ተሸክመነው ደጋ ወጣን እንጂ። ልጆቼ ሞተው እንኳ የቁሐር አልሆኑም ብዬ እዚያው መንገድ ዳር አለቀስሁ፤ እሷም አብራኝ አለቀሰች።

ኪኒኑ ሠርቶለት ልጄ አባቴ ቤት ማገገም ጀመረ። ነርሷም ዳገቱን ወጣች። በየቤቱ የተኛውን ሁሉ እንደገና ጠየቀች፤ አሁን የምትጠይቀው የት እንደተኛ ሳይሆን ሕመሙ የት እንደጀመረው ነው። አብዛኛው እንደኔው ከሜዳው የወጣ ነበር። ይህንኑ ለማኅበሩ አለቆች ነገረቻቸው። ልፋታችን ከንቱ ሆነ ሳይሉ ሰሟት፤ እግዜር ይስጣቸው።

ለማሳመን የቀሩት የደጋ ሽማግሌዎች ነበሩ። መሬት ሰጥተዋል፣ ለቤቱ የሚሆነውን እንጨትም ቆርጠዋል። ነርሷ ልታነጋግራቸው አባቴ ቤት ሰበሰበቻቸው። ከሁሉ የከፉት አባቴ ነበሩ። ወደኔ ዞረው «የሰጡንን ልትነጥቂን ነው የመጣሽ?» አሉኝ።

«አባባ፣ እዚህ የሚያዩት ንዳድ እንግዳ ነው፤ ቤቱ እኛ ዘንድ ነው» አልኋቸው። አባቴን መልሼ ተናግሬ አላውቅም።

ነርሷ ልጄን አንስታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። አባቴ ልጁን በጋቢያቸው ሸፈኑት። የሁለቱን ልጆቼን መቃብር በእጃቸው የቆፈሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ «ይውረድላቸው» አሉ። «የልጅ ልጆቼ በእግራቸው መጥተው ይጠይቁኝ እንጂ ታዝለው አይሙቱብኝ።» እንጨቱንም ጎረምሶች አሸክመው ቁሐር ድረስ ሰደዱልን።

በዓመቱ ክረምቱ ከበደ። ሜዳው ባሕር ሆነ፣ ወደ ወረታ የሚያወጣው መንገድም ጠፋ። ልጄን ንዳዱ እንደገና ያዘው። አዝዬው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወዳለው ክሊኒክ ሄድሁ፤ መድኃኒቱን አጠጥቼው ስመለስ ምድጃዬ ላይ ያለው እሳት ገና አልጠፋም ነበር።

ነርሷ ከዚያ ወደ ሌላ አገር ተዛወረች፤ ወሬዋንም አልሰማሁ። ደግ ሰው ብዙ ነው። ደግነቱን ከማድረሱ በፊት የሕመሙ ቤት የት እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ እሷ ጠይቃ መጣችልኝ። ካለች ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ከሌለችም ነፍሷን ይማርልኝ።

ያ ልጅ ዛሬ ሽበት አብቅሏል። ጎረቤቶቼ ሲመርቁኝ «ቀባሪ አያሳጣሽ» ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ። ቀባሪዬ ደጅ በሬውን እያሰረ ነው።