ከድራማው የተቀዳ ጥርጣሬ

ሐሙስ ከሰዓት በዚያ ፀጉር ቤት ባዶ ወንበር ማግኘት ዘበት ነው። ፀጉሯን መሠራት የሚያስፈልጋትም የማያስፈልጋትም ትመጣለች፤ ከመስታወቱ በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ያን ቀን የቤተሰብ ድራማውን ያሳያላ! ካስክ ስር ፀጉራቸውን የሚያደርቁት በማሽኑ ጩኸት ስለማይሰሙ «ምን አለች? ምን አለች?» እያሉ ይጮሃሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ እነሱን ዝም ለማሰኘት የባሰ ይጮሃሉ። ድራማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅጡ የሰማችው አንዲትም ሴት አትኖርም፤ አስተያየት ለመስጠት ግን ማንም አይቀድማቸውም።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ቀኑን ሙሉ ሰው ራስ ላይ አጎንብሳ በመዋል ትከሻዋ ጎበጥ ያለ ሴት ናት። እናቷ ስትሞት ገና ልጅ ነበረች፤ ጡት ያልጣለች እህቷን ታቅፋ ቀረች። በሰው ቤት ልብስ እያጠበች፣ ኋላም በሌሎች ፀጉር ቤት ወለል እየጠረገች አሳደገቻት። ታናሺቱ ማበጠሪያ መያዝ የተማረችው በእሷው ራስ ላይ ነው። ያኔ የነጨችኝ ፀጉር ቢሰበሰብ ትራስ ይወጣው ነበር ትላለች ታላቂቱ ስትቀልድ። ትንሿ «እታለም» ብላ ትጠራታለች፤ እሷ ደግሞ ልጅቷ ቁመቷን ከበለጠቻትም በኋላ «ሚጡ» ማለቷን አልተወችም። ሚጡ አድጋ አብራት መሥራት ስትጀምር እጇ ለስላሳ ስለሆነ ደንበኛው ሁሉ «በሚጡ ይሁንልኝ» ማለት አመጣ። ታላቂቱ በዚህ ትኮራ ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ትንሽም ይቆረቁራት ነበር።

ድራማው የሁለት እህትማማቾች ነው። ታላቋ ታናሿን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ታበቃለች፤ ታናሿ ደግሞ ውለታዋን የምትመልሰው ባሏን በመቀማት ነው። ደንበኞቹ መመሳሰሉን ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። መጀመሪያ ላይ ቀልድ ነበር። «ታላቋ፣ ኧረ እኔንም ድረሽልኝ!» ይላሉ። «ታናሿ፣ ዋ! ባሏን እንዳትነኪ!» ይላሉ። ከሁሉ በላይ ከልቧ የምትስቀው ሚጡ ራሷ ነበረች።

ነገሩን ያከረሩት ከሲኒማ ቤት ትኬት ቆራጭነት ጡረታ የወጡት ሴትዮ ናቸው። ያልተመለከቱት የድሮ ፊልም ስለሌለ ሰው ከኋላቸው «ተንታኟ» ይላቸዋል፤ ሲያናግራቸው ግን «እማማ» ነው።

«ያቺ የታናሿ አረንጓዴ ሻርፕ እንዲያው የመጣች መሰለቻችሁ?» ይላሉ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን የሞላውን ራሳቸውን እየነቀነቁ። «በድሮው ፊልምም ባል ቀሚዋ ያደረገችው አረንጓዴ ነበር። ደራሲው እያናገረን ነው! ዘፈኑንም ልብ በሉ። ባልየውና ታናሿ ለብቻቸው ሲሆኑ ነው የሚገባው። ዘፈኑ ከተሰማ ነገር አለ ማለት ነው።»

ክፋቱ ደግሞ ልክ ነበሩ። በተናገሩ በሳምንቱ ያሉት ሁሉ ይደርሳል። እንዲህ ሲሆን ጊዜ ታላቂቱ የእማማን ዓይን ተውሳ ወደ ቤቷ መግባት ጀመረች።

ባሏ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ከሚስቱም ጋር እንኳ በቀን ጥቂት ቃል ቢለዋወጥ ነው፤ አፉ የተለጎመ ሰው ነው። ማታ ማታ የሱቁን በር ለመዝጋት ሲመጣ ታዲያ ከሚጡ ጋር ደጃፍ ላይ ሲንሾካሾክ ታየው ጀመር። ጠጋ ስትል ዝም ይላሉ። ነገሩ ከነከናት። አንድ እሑድ ጠዋት ባልየው ጢሙን እየተላጨ ያንን ዘፈን ሲያንጎራጉር ሰማችውና ክው አለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሚጡ ሳህን እያጠበች ያንኑ ዘፈን! ዘፈኑ በገዛ ሱቋ፣ በገዛ ቴሌቪዥኗ በየሐሙሱ የሚለቀቅ መሆኑ፣ እሷም ራሷ ፀጉር ስትጠቀልል ስታንጎራጉረው መዋሏ ፈጽሞ ትዝ አላላትም።

ያ ሐሙስ መጣ። ድራማው ላይ ታላቋ ባሏንና እህቷን ወጥ ቤት አግኝታ እህቷን በጥፊ አጮለቻት፤ ፀጉር ቤቱ በ«እሰይ!» ተናጋ። በዚሁ መሀል ባልየው የውሃ ማሞቂያውን ሊያይ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ገባ። ሚጡ የአንዷን ደንበኛ ፀጉር እያጠበች ነበር። አጠገቧ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነገርሻት?» አላት።

ታላቂቱ ሰማች። ተንታኟም ሰምተው ኖሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምንድን ነው የምትነግሪኝ?»

«እታለም፣ ማታ ቤት እንነጋገር።»

«አሁን! እዚሁ! ሰው ፊት የሚያሳፍር ነገር ካልሆነ ምን ያስፈራሻል? ያሳደግኩሽ ለዚህ ነው? ባሌን ተይልኝ!»

ካስክ ስር ያለችው ሴት «ምን አለች?» ብላ ጮኸች።

ሚጡ እጇ አረፋ እንደሆነ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ እንኳ አልነበረም፤ ግራ ገብቷት ነበር። «እታለም፣ እያየሽኝ ነው? እኔ እኮ ነኝ!»

«እሷም እንዲሁ ነው ያለችው!» አለች ታላቂቱ ጣቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስራ።

ሚጡ የደንበኛዋን ፀጉር አለቅልቃ ጨረሰች፣ ሽርጧን ፈታ መስቀያው ላይ ሰቀለች፣ ወጣች።

ባልየው የዚያን ቀን ያወራውን ያህል አውርቶ አያውቅም። «ትልቅ ፀጉር ቤት ሥራ አግኝታለች» አላት። «ራሷን ችላ ልትወጣ ነው። ይከፋታል ብላ አንቺን ፈራች። አለስልሰህ ንገርልኝ አለችኝ፤ እኔ ደግሞ አንቺው ንገሪያት እላታለሁ። ይኸው ነው።» ቢቆጣ፣ ዕቃ ቢሰብር በወደደች። ቦርሳውን አንስቶ ማሞቂያውን ሊጠግን ሄደ።

ከዚያ በኋላ ብትደውል ብትደውል ሚጡ አታነሳም። ዕቃዋንም የወሰደችው ሰው ልካ ነው። ታላቂቱ ሥራ ላይ ቆማ ምላሷን ቆርጣ ብትጥለው ደስ ባላት፤ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ግን አልሆነላትም። የእነዚያን መጨረሻ ሳታይ የራሷ የሚታወቅ አልመሰላትም፤ ይኼም ሌላ ጅልነት ነው።

በመጨረሻው ሐሙስ የድራማዋ ታላቅ እህት ዝናብ እየመታት ታናሿ በር ላይ ቆመች። «ካንቺ ሌላ ማን አለኝ? ዓይኔ አንቺን ካላየ ምን ይሠራልኛል?» አለቻት፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ፀጉር ቤቱም አለቀሰ።

«በይ እንግዲህ» አሉ ተንታኟ እንባቸውን እየጠረጉ። «መንገዱን አሳይተውሻል፤ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ታላቂቱ የአንዷን ደንበኛ ፀጉር ግማሹን ጠቅልላ ግማሹን ትታ ወጣች።

የሚጡ አዲሱ ቦታ ሰፊ ነው፤ ወንበሮቹም የሚሽከረከሩ ናቸው። ሚጡ ስታያት በእጇ ወደ ማጠቢያው ወንበር አመለከተቻት። ታላቂቱ ተቀምጣ አንገቷን ገንዳው ላይ አሳረፈች። ለብ ያለው ውሃ ወረደ። እነዚያ ለስላሳ ጣቶች ራሷን ሲነኩት እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወደ ገንዳው ፈሰሰ። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታወጣ ስታወርድ ነበር የመጣችው። አፏን ከፈተች።

«ካንቺ ሌላ ማን አለኝ፣ ሚጡ? ዓይኔ አንቺን ካላየ ምን ይሠራልኛል?»

ከልቧ ነበር፤ አንዲት ቃል ውሸት የለበትም። ጣቶቹ ግን ቆሙ።

«እኛም ጋ ቴሌቪዥን አለ፣ እታለም» አለች ሚጡ ቀስ ብላ። «አሁን አየሁት።»

«እውነቴን ነው!»

«ይሆናል። የራስሽን ንገሪኝ።»

ታላቂቱ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ፈለገች። ስንት ነገር አብረው አሳልፈዋል፤ ስንት የሚባል ነበር። ልትናገር ባለች ቁጥር ግን የሚሰማት የዚያች ተዋናይት ድምፅ ነው። ሚጡ ውሃውን ዘግታ ጠበቀቻት። ደህና አድርጋ ነው የጠበቀቻት። ከዚያ ፀጉሯን በፎጣ ጠቀለለችላትና ቀጣይዋን ደንበኛ ጠራች።