በእኔ ልክ የተሰፋችው

እኔ የሠራሁበት አውሮፕላን በርሮ አያውቅም። ከዲሲ አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለ መስኮት የሌለው መጋዘን ውስጥ፣ በእንጨት እግሮች ላይ ቆሞ ነበር። አፍንጫም ጭራም የለውም፤ ሆዱ ብቻ ነው። ከውጭ ሲያዩት የተጋደመ ትልቅ በርሜል ይመስላል፤ ጥሬ ጣውላው፣ ብሎኑ፣ አናጢዎቹ በእርሳስ የጻፉት ቁጥር ሁሉ ይታያል። ውስጡ ሲገቡ ግን ስምንት የቆዳ ወንበር፣ ወፍራም ምንጣፍ፣ የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ፣ በየመስኮቱም ሰማይ አለ። ሰማዩ ከመስኮቱ ኋላ የተለጠፈ ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው፤ ከጀርባው መብራት ይበራል። እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ እኩለ ቀን ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። በሌላ ስቴት ያለ አንድ ኩባንያ ለነጋዴዎች የሚሆን፣ ትልቅም ትንሽም ያልሆነ ጄት ይነድፋል። ብረት ከመቁረጡ በፊት ግን ወንበሩ መጥበቡን፣ የረጅም ሰው ጭንቅላት ጣሪያውን መምታቱን፣ በሩ በደንብ መከፈቱን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ውስጡን በሙሉ መጠኑ በእንጨት ያሠራል። ያንን የሚሠራው የእኛ ትንሽ ድርጅት ነበር። ሁላችንም “ሞዴሉ” እንለው ነበር። እኔ የወንበሮቹን ልባስ እሰፋለሁ።

ሥራውን ያገኙልኝ ጋሼ ናቸው። እኔ ከአክስቴ ጋር ስልቨር ስፕሪንግ ስኖር እሳቸው በዚያው ሕንፃ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ይኖሩ ነበር። አገር ቤት ብዙ ዓመት በአውሮፕላን ጥገና ሠርተዋል፤ እዚህ የአናጢዎቹ አለቃ ነበሩ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የማውቀው ስፌት ነው። ሰው ፊት ስሜን እንኳ ስጠየቅ ድምፄ ይጠፋል። ጋሼ ለአሠሪዎቹ “ለእሷ እኔ አለሁ” ብለው ነው ያስገቡኝ።

ጠዋት ጠዋት በእሳቸው መኪና ከተማውን የሚዞረውን ሰፊ መንገድ፣ ቤልትዌዩን ይዘን፣ የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ ተሻግረን እንሄዳለን። መንገዱን ሙሉ ስለ አውሮፕላኑ ያወራሉ። መተላለፊያውን ትንሽ ሰፋ ሲያደርጉት ሆዱ ይወፍራል፤ ሆዱ ሲወፍር ነዳጅ ይበላል፤ በሩን ሲያጠነክሩት ክብደት ይጨምራል፤ አንዱን ሲይዙት ሌላው ያመልጣል ይሉኛል። “እነ እንትና ዲሲ ውስጥ ታክሲ ይነዳሉ፤ እኔና አንቺ ደግሞ የሀብታም ታክሲ እንሠራለን” እያሉ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ከአክስቴ ቀጥሎ ሳላፍር የምስቀው ከእሳቸው ጋር ብቻ ነበር።

ከወንበሮቹ በሰባቱ ላይ በሰው ቁመትና ክብደት የተሠሩ የሸራ አሻንጉሊቶች ተቀምጠው ነበር። ፊት የላቸውም። ስምንተኛዋ ትንሽ ሴት እንድትሆን ኩባንያው የላከው ኢንጂነር ፈለገ። ኢንጂነሩ ቀይ ጺም ያለው፣ ሲናገር እኔ እንዲገባኝ ቀስ የሚል ረጅም ሰው ነበር። ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ መካከል ትንሿ እኔ ነበርኩ። ሁሉም ዞር ብሎ አየኝ። የክንዴን፣ የትከሻዬን፣ የመዳፌን፣ ስቀመጥ ያለኝን ቁመት ለኩ፤ ኢንጂነሩ እኔን መንካት ስላፈረ ሜትሩን የያዙት ጋሼ ነበሩ። ከዚያ በግራጫ ሸራ ቆርጬ የሰፋኋት እኔው ራሴ ነኝ። ውስጧን አሸዋ ሞላንላት። ከአራተኛው መስኮት አጠገብ፣ ከአደጋ ጊዜ መውጫው በር ጎን ተቀመጠች።

“እስቲ መንትያሽን አስተዋውቂን” አሉኝ ጋሼ።

በማግሥቱ ጠዋት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ የመቀመጫ ጠርዝ ስሰፋ ቀና ብዬ አየኋት። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋን ሰብሰብ አድርጋለች። እኔ ሰው በተሰበሰበበት የምቀመጠው እንደዚያ ነው። እንደዚያ አድርጌ አልሰፋኋትም። አሸዋው ወደ ታች ሲወርድ ራሱ ያመጣው ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ግን ጀርባዬን አልሰጠኋትም።

የመውጫው በር የተሞከረው ሰኞ ከሰዓት በፊት ነው። ከክንፉ በላይ የምትሆን ትንሽ በር ናት። አናጢዎቹ የእውነተኛዋን ክብደት እንድትይዝ ውስጧ ብረት ከተዋል። እጀታዋ ከላይ ነው፤ እጀታውን ወደ ታች ሲስቡት በሩ ተነቅሎ እጅ ላይ ይመጣል፤ ከዚያ ወደ ውጭ መወርወር ነው። ሙከራው ቀላል ነበር። ወንበሮቹ ስለተያዙ እኔ ከአሻንጉሊቶቹ ጋር ብቻዬን፣ ከስምንተኛዋ ጎን በተቀመጠልኝ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ ኢንጂነሩ ውጭ፣ ክንፍ ተብሎ በተሠራው መደብ ላይ ሰዓት ይዞ ይቆማል፤ ሲጠራኝ ተነሥቼ እከፍታለሁ። በካሴት የተቀዳ የሞተር ድምፅ ከፈቱ። ወለሉ የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ።

ጋሼ ከኋላ በኩል አንድ የግድግዳ ሰሌዳ ያጠብቁ ነበር። ውጡ ያላቸው የለም፤ እሳቸውም ሙከራው መጀመሩን ልብ አላሉም።

ኢንጂነሩ ጠራኝ። እጀታውን ይዤ ሳብኩት። ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ። በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት፤ እግሬ ከምንጣፉ ተነሣ፤ እጀታው ግን ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ከትከሻዬ በላይ አንድ እጅ መጣ። “ተይ ልጄ፣ ይከብድሻል” አሉና ጋሼ ሳቡት፤ በሩንም አብረውኝ አንሥተው ገፉትና ወደ ኋላ ተመለሱ። ይህን ያደረጉት ሳያስቡት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሸክም ሲያቅተው እጅን ኪስ ከትቶ ማየት ነውር ነው።

በሩ ስለጋረደው ኢንጂነሩ የእሳቸውን እጅ አላየም፤ አንገቱን በቀዳዳው አስገብቶ ፈገግ አለ። ከባድ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይ፣ ቀላል ነው አልኩት። ሰው ቤት ሄደሽ ወንበሩ ተመቸሽ ወይ ስትባዪ እንደምትመልሺው ማለት ነው። ጋሼ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። በኋላ ሲነግሩኝ እሳቸውም እኔ እናገራለሁ ብለው ጠብቀዋል። ኢንጂነሩ ወረቀቱ ላይ ጻፈ።

ማታ ስንመለስ ጋሼ በመጀመሪያ ቀለዱ። ጎበዝ ተብለሻል፣ ከእንግዲህ ስሚንቶ ማመላለስ ነው አሉኝ። ትንሽ ሄደን ግን ቀልዱን ተዉት። ከዚያ የበሩ ንድፍ ዓርብ እንደሚዘጋ ነገሩኝ። ዓርብ ከተፈረመበት በኋላ እውነተኛው ብረት ይቆረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። አውሮፕላኑ ያንን በር ይዞ ይበርራል። ይህን ሲሉ አላዩኝም፤ መንገዱን ነበር የሚያዩት።

ማክሰኞ ጠዋት ስገባ የመንትያዬ ጭንቅላት ወደ መውጫው በር ዞሯል። አቃናሁት። ከምሳ በኋላም ዞሮ አገኘሁት። ሌሎቹ ሰባቱ ፊት ለፊት ነው የሚያዩት። ጋሼን ብጠይቃቸው አሸዋ ቦታ ይፈልጋል አሉኝ። እውነታቸውን ይሆናል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየመንገዱ በእኔ ቁመት ያሉ ሴቶች ይታዩኝ ጀመር። አውቶቡስ ውስጥ እጇ ከፍ ካለው ብረት የማይደርስላት፣ ሱቅ ውስጥ የላይኛው መደርደሪያ ያቃታት። አንዷ አንድ ቀን ከአራተኛው መስኮት አጠገብ ትቀመጣለች። የምትቀመጥበትን ቆዳ የሰፋሁት እኔ፤ በሩን ቀላል ነው ያልኩትም እኔ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሁሉም ውጭ ፀሐይ ላይ ሲበሉ ብቻዬን ወደ ሞዴሉ ገባሁ። ምናልባት ሰኞ ስለደነገጥኩ ይሆናል፣ በደንብ ብይዘው ይከፈታል ብዬ ነበር። ዋናው በር ከኋላዬ ተዘጋ። የውስጥ እጀታው ገና እንዳልተገጠመለት የማውቀው ነገር ነበር፤ ያሰብኩት ግን ከተዘጋ በኋላ ነው።

ወደ መውጫው ሄጄ ሳብኩ። ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ። ደገምኩ። እንደገና ስይዘው ሰማዩ ጠፋ። ስምንቱም መስኮት ባንድ ጊዜ ጨለመ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መስመር ሊቀይር መብራቱን አጥፍቶት እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው በቀትር ጨለማ ውስጥ መሆኔን ብቻ ነው።

 የቆዳው ሽታ በጨለማው በረታ። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን፣ የማይቋረጥ፣ አንድ ሰው በጥርሱ መካከል ቀስ ብሎ አየር የሚያስወጣ ዓይነት። ትንሽ ያቆምና ይጀምራል። ከጀርባዬ ነበር። ዞር ማለት አልቻልኩም። ድምፁ እየቀጠለ ሳለ አንድ ነገር ጀርባዬን ነካኝ፤ ቀስ እያለ ተጫነኝ፤ በመጨረሻ ሙሉ ክብደቱን ጣለብኝ። ክብደቱን አውቀዋለሁ። የእኔው ነው።

ሰዎቹ ከግድግዳው ማዶ ነበሩ። ሲስቁ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ብጮህ ይመጡ ነበር። እዚያም ውስጥ ሆኜ መጮህ አፈርኩ። እጀታውን እንደያዝኩ፣ እሷን በጀርባዬ እንዳዘልኩ ቆየሁ።

ሰማዩ ተመልሶ በራ። ጋሼ ዋናውን በር ሲከፍቱ አገኙኝ። አሻንጉሊቷ ከወንበሯ ወደ ፊት አዘንብላ ጀርባዬ ላይ ተደግፋለች። ከብብቷ ሥር ስፌቱ ተተርትሮ አሸዋው ምንጣፉ ላይ ይፈስሳል። እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ደርቤ ነበር የሰፋሁት። የሰፋሁት ነገር ተተርትሮ አያውቅም። ጋሼ አዩኝ፣ እሷን አዩ፣ በሩንም አዩ። መንትያሽ ናት ምናምን ብለው አልቀለዱም። እሷን አንሥተው አስቀመጡልኝና ወጡ።

በዚያ ቀን ስንመለስ ድልድዩ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆምን።

“ጋሼ፣ ነገ ልነግረው ነው” አልኳቸው።

“ምን ብለሽ?”

“አልከፈትኩትም ብዬ።”

“ማን ከፈተው ቢልሽስ?”

“እርስዎን አልጠራም።”

ከፊታችን ያሉት መኪኖች ተንቀሳቀሱ፤ እሳቸው ግን ወዲያው አልነዱም። “እንደዚያማ ከሆነ ውሸቱ ሁለት ሆነ” አሉ። ከኋላ ክላክስ ተደረገብን። ያን ጊዜ ነዱ። ለእኔ ቃል የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ ሙከራውን ያበላሸው ደግሞ የእሳቸው እጅ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ሌላ ቦታ አለቃ አድርጎ የሚቀጥራቸው እንደሌለ አውቃለሁ።

ሐሙስ ጠዋት መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እንግሊዝኛ በልቤ ስደግም መጣሁ። ኢንጂነሩ ጠረጴዛ አጠገብ ስቆም ግን ድምፄ ጠፋ። ቀና ብሎ አየኝ። ጠበቀኝ። አሁንም አልወጣልኝም። በጣቴ ወደ ሞዴሉ አሳየሁትና ቀድሜው ሄድኩ፤ ተከተለኝ። ውስጥ ገብቼ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ተነሣሁ፤ እጀታውን ይዤ ሳብኩ። ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ። ተንጠለጠልኩ። እግሬ ሲነሣ አየ። እንድደግመው ጠየቀኝ፤ ደገምኩት። ወረቀቱን አየ፣ በሩን አየ። ታዲያ ሰኞ ማን ከፈተው አለ።

ጋሼ ዋናው በር ላይ ቆብ በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። መቼ እንደመጡ አላየሁም። “እጁ የእኔ ነበር” አሉ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ወደ እኔ እያዩ ነው ያሉት፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ለእሱ ነገሩት።

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ከግራጫዋ ሴት ጎን ያለው በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ ብዙ ቆየ። ሁለቱም ወደ በሩ ያያሉ። በመጨረሻ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሰረዘው።

ንድፉ ዓርብ አልተዘጋም። ጋሼ ሥራቸውን አላጡም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ እሳቸው በሠሩት ላይ የሚፈርም ሌላ ሰው ተመደበ፤ ሙከራ ሲኖርም ወደ ሞዴሉ እንዳይጠጉ ተነገራቸው። እኔን ማመላለስ አልተዉም። ለብዙ ቀን ግን መኪናው ውስጥ ሬዲዮው ብቻ ነበር የሚያወራው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አዲሱ እጀታ መጣ። ረዘም ያለ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ዝቅ ብሎ የተገጠመ ነው። ከበሩ ውስጥም ብረት ቀንሰዋል። እሷንም አሸዋዋን መልሼ፣ ብብቷን ሦስት ጊዜ ደርቤ ሰፋኋት። በሙከራው ጠዋት አንገቷን አቃናሁ፤ ፊት ለፊት እንድታይ አድርጌ ወንበሩ ላይ በደንብ ደገፍኳት። ከእኛ ከስምንታችን በስተቀር ውስጥ ማንም አልነበረም። ስምንት ያልኩት እሷን ጨምሬ ነው፤ እኔን ስጨምር ዘጠኝ እንሆናለን። ያን ጊዜም እኔንና እሷን እንደ አንድ ቆጥሬ ነበር የተሳሳትኩት።

ካሴቱ ተከፈተ። ተጠራሁ። እጀታውን ይዤ ሳብኩ፤ መጣ። በሩ እጄ ላይ ወደቀ፣ ወረወርኩት። የመጋዘኑ ነጭ ብርሃን ገባ። አንድ እግሬን አውጥቼ ክንፉ ላይ አሳረፍኩ፤ ከዚያ ዞር አልኩ።

ወደ ቀዳዳው እያየች ነበር።

አንድ እግሬ ውጭ፣ አንድ እግሬ ውስጥ እንደሆነ ቆምኩ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ኢንጂነሩ ሰዓቱን ይዞ አፈጠጠብኝ። ጋሼ ራቅ ብለው፣ እንዳያልፉ ከተነገራቸው መስመር ማዶ ቆመው ነበር።

“ውጪ እንጂ ልጄ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው” አሉኝ።

“እሷስ?” አልኳቸው።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። ወደ ቀዳዳው ትንሽ አዩ።

“እሷ ካንቺ በኋላ ናት” አሉ።

ሁለተኛውን እግሬን አወጣሁ። ኢንጂነሩ ሰዓቱን አቆመ።