ቁንጫ የተባለው ሽፍታ

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከሰውየው በፊት ሽቶው ገባ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ከኑርጃን እናት ጎን ሲቀመጥ፣ እንዳይነኩት አዲስ ኮቱን ሰበሰበ። ነርሷ ኑርጃን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ናቀችው።

ከተማዋን እንደለቀቁ ሰውየው አንገቱን ያክክ ጀመር። ከኮሌታው በላይ ሽፍታ ቀልቶ አበጠ።

«ሪያድ ቢሆን እንዲህ ያለችውን ሴትዮ መኪና ላይ አያወጡም» አለ ጮክ ብሎ። «ቁንጫዋን አራገፈችብኝ!»

እናቷ አንገታቸውን ደፉ። የኑርጃን ደም ፈላ። ሊያክክ እጅጌውን ሲሰበስብ ግን የክንዱ መታጠፊያ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር አየች።

«ዛሬ ሲቲ ስካን ተነስተዋል?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የደም ሥሩ ጎልቶ እንዲታይ የሚወጉት መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ሽፍታ ያወጣል። ትንፋሽ ካጠረዎት ቶሎ ይንገሩኝ።»

«እኔን ሳንባ አያመኝም!» ብሎ አንባረቀ። ወዲያው ሳል ያዘውና ፊቱ እስኪጠቁር አፍኖ ዋጠው።

መካነ ሰላም ሲደርሱ ሚስቱ ቆማ ትጠብቀው ነበር። አንገቱን አይታ ደነገጠች።

«ምን ነክቶህ ነው?»

እጅጌውን እስከ አንጓው ጎተተና በአገጩ ወደ አሮጊቷ ጠቆመ። «የዚች ቁንጫ ነው።»

ኑርጃን ልትናገር ስትል እናቷ እጇን ጨብጠው ያዟት።

«ከእኔ ይሆናል፤ አፉ በይኝ የኔ ልጅ» አሉ ለሚስቱ።

ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው ሻንጣውን አንስቶ ሄደ።